የኑክሌር ጣቢያዎች ከስህተት እንዴት ይማራሉ?

በኑክሌር ኃይል ማመንጫ ዱብ ዕዳ የሚባል አደጋ ብዙም የለም። ትልቁ ከመድረሱ በፊት ትንሹ ደርሷል፤ የሆነ ሰው አይቶታል፣ አንዳንዴም ጽፎታል።

በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ዴቪስ ቤሲ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። ኦፕሬተሮቹ በ20 ደቂቃ ገደማ ነገሩ ገባቸውና መስመሩን ዘጉት። ሪአክተሩ (የኑክሌር ሙቀቱ የሚመነጭበት ክፍል) በትንሽ ኃይል ይሠራ ስለነበር የከፋ ጉዳት አልደረሰም። በአምራቹ ኩባንያ ያሉ መሐንዲሶች «ይህ ሌላ ቦታ ቢደገም አደገኛ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፉ፤ ወረቀቱ ግን ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከረመና ለሌሎቹ ጣቢያዎች ሳይደርስ ቀረ። ማርች 28 ቀን 1979 በፔንሲልቫንያው ስሪ ማይል አይላንድ ተመሳሳይ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው መብራት የሚያሳየው የመዝጊያው ትዕዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ በትክክል መዘጋቱን አልነበረም። ውሃው በቫልቩ እየወጣ ሳለ ኦፕሬተሮቹ የበዛ መስሏቸው የድንገተኛ ማቀዝቀዣውን ቀነሱት፤ ነዳጁ ያለበት የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። እኔን ሁሌም የሚያንገበግበኝ ያ ወረቀት ነው።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኩባንያዎች ኢንፖ የተባለውን ተቋም መሠረቱ። ጣቢያዎች ያጋጠማቸውን ችግር ይሰበስባል፣ ለሌሎች ያዳርሳል፣ ከሌላ ጣቢያ የመጡ ባለሙያዎችም ሥራውን ቀርበው ይገመግማሉ። በሶቪየት ኅብረት ግን የ1975ቱ የሌኒንግራድ ጣቢያ አደጋ በምስጢር ተያዘ፤ ተመሳሳይ ሪአክተር ያንቀሳቅሱ የነበሩት የቼርኖቢል ሠራተኞች ትምህርቱ አልደረሳቸውም። ከ1986ቱ ፍንዳታ በኋላ «የደኅንነት ባህል» የሚለው አባባል ተለመደ፤ በ1989 ደግሞ የዓለም ጣቢያዎችን የሚያገናኘው ዋኖ ሞስኮ ላይ ተመሠረተ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ መጣ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው የባሕር ማዕበል ጣቢያውን አጥለቀለቀው። ውሃ ጣቢያን ሊያጠቃ እንደሚችል ግን ቀድሞ ታይቷል፤ ፈረንሳይ ውስጥ በ1999 ብላዬ ጣቢያ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነበር። የፉኩሺማው ባለቤት ራሱ በ2008 ማዕበሉ ከ15 ሜትር ሊያልፍ እንደሚችል አስልቶ፣ እስከ 2011 መከላከያ ሳይሠራ ቆየ። ለመንቀጥቀጡ ይበልጥ የቀረበው ሌላው የጃፓን ጣቢያ ኦናጋዋ ግን ከፍ ብሎ ስለተሠራ ተረፈ።

ከቴክኒኩ ይልቅ ከባዱ ነገር ሰው ያየውን ሳይፈራ እንዲናገር፣ የሰማውም ሥራ አቁሞ እንዲመረምር ማድረግ ነው። ዴቪስ ቤሲ በ2002 ራሱ ተያዘ። ከሪአክተሩ የሚንጠባጠበው፣ በማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ ያለው የቦሪክ አሲድ ወፍራሙን የብረት ክዳን በልቶት፣ ያን ሁሉ ግፊት የያዘው 1 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የውስጥ ሽፋን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ማጣሪያዎች በዝገት እየተደፈኑ ቶሎ ቶሎ ይቀየሩ ነበር። ዝገቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ተከታትሎ የደረሰበት አልነበረም።