ሜንደልሶን ሕጉን ሽሯል ወይ?

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሞሰስ ሜንደልሶን «አይሁድን ከሕጋቸው ያወጣ ፈላስፋ» እየተባለ ደጋግሞ ስለሚነሳ ላብራራው። እሱ ራሱ እስከ ዕለተ ሞቱ ሕጉን፣ ማለትም የኦሪትን ትእዛዛት፣ ጠባቂ ነበር። በ1783 እ.ኤ.አ. በታተመው «ኢየሩሳሌም» በተባለው መጽሐፉ ያለው ይህን ነው፦ እግዚአብሔር መኖሩን ማንም ሰው በአእምሮው ሊደርስበት ይችላል፤ በሲና ለእስራኤል የተሰጠው ግን የሚፈጸም ሕግ ነው። ሰንበትን እንይ። «ሥራ አትሥራ» የሚለው ግዴታ የእስራኤል ነው፤ ክርስቲያኑ ጎረቤት ሳይጠብቀውም ፈጣሪውን ማወቅ ይችላል። ስለዚህ ማንም በእምነቱ ምክንያት መቀጣት የለበትም፤ እምነት በግዳጅ አይመጣምና። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

እስከዚህ ያለው ግልጽ ነው። ሕጉ ዛሬም ግዴታ ነው ወይ በሚለው ግን ኋላ የመጡት አይሁዳውያን ፈላስፎች ተለያይተዋል፦ ማርቲን ቡበር እንደ ግዴታ አልተቀበለውም፤ ወዳጁ ፍራንዝ ሮዘንዝዋይግ ደግሞ በ1923 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ሞግቶታል።