የፅንስ እድገት መገታት ምንድን ነው?

መውለጃዋ ተቃርቦ «ፅንሱ ከወሩ አንሷል» የተባለች እናት ወዲያው ጥፋቱን ራሷ ላይ ትፈልጋለች። ሳልበላ ቀርቼ ነው፣ ሥራ አብዝቼ ነው ትላለች። ያኔ በእጇ ያለው ግን ጥርጣሬ ብቻ ነው።

የፅንስ እድገት ተገታ የሚባለው ማደግ የሚችለውን ያህል ሳያድግ ሲቀር ነው። ደቃቃ መሆንና እድገት መገታት ለየቅል ናቸው። ወላጆቹ ደቃቃ ከሆኑ ልጁም ደቃቃ፣ ግን ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። እድገቱ ሲገታ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እንግዴ ልጁ ላይ ነው፤ ምግብና ኦክስጅን በበቂ አያደርስም። የደም ግፊት፣ ከባድ የደም ማነስ፣ የምግብ እጥረትና ሲጋራ ለዚህ ይዳርጋሉ። ጣና ዳር ደግሞ ወባ አለ። ተውሳኩ እንግዴ ልጁ ውስጥ ተሸሽጎ ፅንሱን ያቀጭጫል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለው አጎበር አንድ ብቻ ከሆነ ነፍሰ ጡሯ ትተኛበት።

ጥርጣሬው የሚጀምረው በሜትር ነው። አዋላጇ እናትየዋን ሽንት ቤት ደርሳ እንድትመጣ ታደርጋለች፤ የሞላ ፊኛ ልኬቱን ያዛባል። ከዚያ በጀርባዋ አስተኝታ፣ የልብስ ሰፊ የሚመስለውን ሜትር ከማህፀኑ አናት እስከ ብልት አጥንት ትዘረጋለች። ከ24 ሳምንት በኋላ ሴንቲ ሜትሩና ሳምንቱ ይቀራረባሉ፤ 34 ሳምንት ላይ 34 አካባቢ። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ካነሰ አልትራሳውንድ ይታዘዛል።

ብዙ ድንጋጤ የሚመጣው ግን ከቀን ስህተት ነው። «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ስትባል «ሁዳዴ ሊያዝ ሲል» ትላለች። ሁዳዴ ደግሞ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። ሦስት ሳምንት ከተሳተ፣ ጤነኛ የ33 ሳምንት ፅንስ የቀጨጨ የ36 ሳምንት ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ የሚመክረው አንዱ ለዚህ ነው። ያቺን የመጀመሪያ ወረቀት ከመታወቂያሽ ጋር አስቀምጫት።

አልትራሳውንዱ የፅንሱን ጭንቅላት፣ ሆድና የጭን አጥንት ለክቶ ክብደቱን ይገምታል። ግምት ነውና 10 በመቶም ሆነ ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል። እኩያ ከሆኑ 100 ፅንሶች ከትንሾቹ 10 ውስጥ ከወደቀ ክትትሉ ይጠናከራል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እንደገና ይለካል፤ የሽርት ውሃው ይታያል፤ በእትብቱ የሚያልፈው የደም ፍሰት በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳይ አልትራሳውንድ) ይመረመራል። ለዚህ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መላክ ሊኖር ይችላል።

ሕክምናውስ? ፅንስ የሚያሳድግ መርፌም ኪኒንም የለም። ቀኑን ሙሉ መተኛትም አያሳድገውም። ግፊቱ፣ ወባው፣ ደም ማነሱ ይታከማል። ዋናው ውሳኔ መቼ ይወለድ የሚለው ነው። እድገቱ ተገትቶ የእትብቱ የደም ፍሰት ደህና ከሆነ ብዙ ጊዜ እስከ 37 ሳምንት አካባቢ ይጠበቃል። ፍሰቱ ከተበላሸ ቀደም ይላል፤ ከ34 ሳምንት በፊት ከሆነ ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ለእናት ይሰጣል።

«ልጁ ከገዘፈ ምጡ ይጠናብሻል» ብለው ምግብ የሚያስቀንሱ አማቶች አሉ። በቅንነት ነው፤ ግን አትስሚያቸው። ጾሙንም ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።

የፅንሱን እንቅስቃሴ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ማሽን የለም። ከለመድሽው ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ጣና ሐይቅ ውስጥ ካለው ከደቅ ደሴት ለምትመጣ ግን ይህን ማለት ቀላል፣ ማድረግ ከባድ ነው፤ በውድቅት ጀልባ ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከተነሳ ወሯ ሳይገባ ከተማ ዘመድ ቤት ወይም የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ይሻላል።