ቀዩ መስመር እዚህ፣ ጥፋቱ እዚያ፦ ስለ ሀስኬል ኤረሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀስኬል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከኮምፓይለሩ ጋር ነው፤ ኮዱን ፈትሾ ወደሚሠራ ፕሮግራም ከሚቀይረው ጋር። ሦስት መስመር ኮድ ይጽፋል፣ ጂኤችሲ (GHC፣ ዋናው የሀስኬል ኮምፓይለር) ሃያ መስመር ቀይ የስህተት መልእክት፣ ማለትም ኤረር፣ ይመልስለታል። እኔም በመጀመሪያው ሰሞን መልእክቱን ሳላነብ ኮዱን እየነካካሁ «እስቲ አሁን» ነበር የምለው። አንዳንዴ ይሳካል። ለምን እንደተሳካ ግን አላውቅም። ከታች ያሉትን አመለካከቶች ከሌሎች ሰምቻቸዋለሁ፤ ግማሾቹን ራሴም አምኜባቸው ነበር።

በምሳሌዎቹ ውስጥ ፋንክሽኖቹን (ግብዓት ተቀብለው ውጤት የሚመልሱትን የኮድ ክፍሎች) የሰየምኳቸው በአማርኛ ነው። ጂኤችሲ የግዕዝ ፊደልን እንደ ትንሹ የላቲን ፊደል ስለሚቆጥረው ለፋንክሽንና ለቫሪያብል ስም ያለ ምንም ችግር ይቀበለዋል። የታይፕ (እንደ ቁጥር ወይም ጽሑፍ ያለ የዳታ ዓይነት) ስም ግን በካፒታል መጀመር ስላለበት እዚያ ላይ አይሆንም።

«ስህተቱ ያለው ቀይ የተሰመረበት ቦታ ነው»

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ እምነት ነው። ይህችን እንያት፦

ድምር ሀ ለ = ሀ ++ ለ

ሁለት ቁጥር ልደምር ብዬ ተነሳሁ፤ + ማለት ሲገባኝ እጄ ++ ጻፈ። ++ ደግሞ ሊስትን (የዕቃዎች ዝርዝርን) ከሊስት ጋር የሚያያይዝ ነው። ጂኤችሲ እዚህ መስመር ላይ ትንፍሽ አይልም። ምን ብሎ ይናገራል? ሁለት ሊስት የሚያያይዝ ፋንክሽን ምንም አይወጣለትም። ስሙ «ድምር» መሆኑ ለኮምፓይለሩ ትርጉም የለውም። የሚጮኸው ከመቶ መስመር በታች፣ ድምርን የአንድ ስም ርዝመትና 1 ሰጥቼ ስጠራው ነው። «ሊስት ጠብቄ ኢንት አገኘሁ» ይላል፤ ኢንት ሙሉ ቁጥር ማለት ነው። ቀዩ ያረፈው ደህና መስመር ላይ ነው። እኔም ያንን ደህና መስመር ሳገላብጥ አመሻለሁ።

እንዲህ የሚሆነው ኮምፓይለሩ ታይፑን ሳንነግረው ራሱ ስለሚደርስበት ነው። አሠራሩ ሂንድሊ-ሚልነር ይባላል፤ መሠረቱ ሮጀር ሂንድሊ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሮቢን ሚልነር ደግሞ በ1978 ያወጡት ሥራ ነው። ኮምፓይለሩ ኮዱን እያየ ማስረጃ ይሰበስባል፦ ይህ ሊስት መሆን አለበት፣ ያኛው ከዚህኛው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሁለት ማስረጃ ሲጋጭበት የሚጠቁመው የተጋጩበትን ቦታ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደዋሸ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ከፋንክሽኑ በላይ «ድምር ሁለት ኢንት ተቀብሎ ኢንት ይመልሳል» የሚለውን የታይፕ መግለጫ መጻፍ። ያኔ ቀዩ ከታች ተነስቶ ፋንክሽኑ ውስጥ፣ ++ ያለበት መስመር ላይ ይቀመጣል። «ኮምፓይለሩ ራሱ ይደርስበት የለ፣ ለምን እጽፋለሁ?» የሚል ብዙ ነው። እኔ የምጽፈው ቀዩ የት እንዲያርፍ እንደምፈልግ ለመንገር ነው።

«የተጠበቀው ልክ ነው፣ የተገኘው ስህተት ነው»

መልእክቱ ውስጥ ሁለት ቃላት አሉ፦ ኤክስፔክትድ እና አክቹዋል። ሲነበቡ እንደ ፈተና መልስ ይመስላሉ፤ አንዱ የመምህሩ፣ ሌላው የተማሪው። እንደዚያ አይደለም። ኤክስፔክትድ ማለት ዙሪያው ያለው ኮድ የሚጠይቀው ታይፕ ነው። አክቹዋል ማለት እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠው ነገር ያለው ታይፕ ነው። ዙሪያው ራሱ ሊሳሳት ይችላል። በድምር ምሳሌያችን «የተጠበቀው» ሊስት ነበር፤ የተሳሳተውም እሱ ነው።

«ኢንስታንስ ጻፍ እያለኝ ነው»

1 + "5" ብላችሁ ጻፉ። ቁጥር ከጽሑፍ ጋር አይደመርም የሚል መልስ ትጠብቃላችሁ። ጂኤችሲ ግን «ለስትሪንግ የነም ኢንስታንስ የለም» ይላል። ስትሪንግ ጽሑፍ ማለት ነው። ነም ደግሞ የቁጥርነት ታይፕ ክላስ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ሥራ የሚችሉ ታይፖች ምድብ ነው፤ መደመርና ማባዛት የሚችሉ ታይፖች ሁሉ እዚያ ይመዘገባሉ። ምዝገባው ኢንስታንስ ይባላል። የጂኤችሲ የድሮ እትሞች ጭራሽ «መፍትሔው ኢንስታንስ መጨመር ሊሆን ይችላል» ብለው ይመክሩ ነበር። ምክሩን አምኖ ስትሪንግን ቁጥር ለማድረግ የተነሳ ጀማሪ ምን ያህል እንደሚደክም አስቡት።

ይህን መልእክት ስታዩ «እዚህ ቦታ ላይ የማይሆን ታይፕ ገብቷል» ብላችሁ አንብቡት። ኢንስታንስ የሚያስፈልገው የራሳችሁን ታይፕ ስትሠሩ ነው። በስትሪንግና በኢንት ላይ ከመጣ ግን ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ የቦታ ስህተት ነው።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ አለ። ፕሪንት ልታደርጉ ስትሉ «ለፋንክሽን የሾው ኢንስታንስ የለም» ይላል፤ ሾው በጽሑፍ መታየት የሚችሉ ታይፖች ክላስ ነው። ሁለት ነገር ለሚፈልግ ፋንክሽን አንድ ብቻ ሰጥታችኋል ማለት ነው። ሀስኬል ውስጥ ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ቀሪውን የሚጠብቅ ሌላ ፋንክሽን ይሆናል። ችግር የሚሆነው እሱን ስክሪን ላይ ላሳይ ስትሉ ብቻ ነው። ደግነቱ ጂኤችሲ «ምናልባት በቂ አርጉመንት አልሰጠህ ይሆናል» የሚል ፍንጭ ከታች ያስቀምጣል። እዚያ ድረስ የሚያነብ ካለ።

«ኢንፊኒት ታይፕ የሚለው ነገር የቲዎሪ ሰዎች ጉዳይ ነው»

በጣም የሚያስፈራው መልእክት ይህ ነው፤ «ማለቂያ የሌለው ታይፕ መሥራት አልችልም» ይላል። የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ምልክት ነው። ሊስት የሚገለብጥ ፋንክሽን፦

ገልብጥ [] = []
ገልብጥ (ሀ:ቀሪ) = ገልብጥ ቀሪ : [ሀ]

: አንድን ነገር በሊስት ራስ ላይ የሚያስቀምጥ ምልክት ነው። ከግራው አንድ ዕቃ ይፈልጋል፣ ከቀኙ ሊስት። እኛ ግን በግራ ያስቀመጥነው ገልብጥ የሚመልሰውን፣ ማለትም ሙሉ ሊስት ነው። ስለዚህ ውጤቱ የሊስቶች ሊስት ይሆናል። ያ ውጤት ደግሞ ገልብጥ ራሱ የሚመልሰው ነው። ስለዚህ የሊስቶች ሊስት ሊስት ሊሆን ነው። እንዲህ እያለ ማቆሚያ የለውም። ኮምፓይለሩ ይህን አይቶ ቆመ፤ የተናገረውም ያየውን ነው። : የነበረውን በ ++ ስንተካው ሁለቱም ወገን ሊስት ይሆንና ነገሩ ያልቃል።

እኔ ይህን መልእክት ሳይ አሁን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዕቃውን ራሱን መስጠት ሲገባኝ ዕቃው ያለበትን ሊስት የት ሰጠሁ? ወይስ በተቃራኒው?

«መልእክቱ ከረዘመ ችግሩ ከባድ ነው»

አይደለም። የሚረዝመው ኮምፓይለሩ ያለፈበትን መንገድ ስለሚዘረዝር ነው። የመጀመሪያውን ኤረር ብቻ አንብባችሁ አስተካክሉና እንደገና ኮምፓይል አድርጉ፤ ከሥሩ ያሉት ብዙ ጊዜ አብረውት ይጠፋሉ።

«ፋንክሽናል ቋንቋ ከሆነ ኤረሩ የግድ ለመረዳት ይከብዳል»

ኤልምን ያየ ይህን አይልም። ኤልም እንደ ሀስኬል ፋንክሽናል የሆነ፣ ማለትም ፕሮግራሙ በፋንክሽን የሚገነባ፣ ዘመድ ቋንቋ ነው፤ የፈጠረው ኢቫን ቻፕሊኪ ነው። ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣቸው እትሞች ኤረሮቹን ሰው እንደሚያወራ አድርጎ ጻፋቸው። እዚያ ስትሪንግ በ + ልትደምሩ ብትሉ፣ + የሚሠራው በኢንትና በፍሎት (ነጥብ ባለው ቁጥር) ላይ ብቻ እንደሆነ ይነግራችሁና ስትሪንግ ለማያያዝ ++ ተጠቀሙ ይላል።

«ታዲያ ጂኤችሲ ምን ከለከለው?» ማለት ይመጣል። እዚህ ላይ ለጂኤችሲ ትንሽ ልከራከርለት። ኤልም ውስጥ + የሚቀበላቸው ታይፖች ሁለት ናቸው፤ ተቆጥረው ያለቁ። ሀስኬል ውስጥ ማንም ሰው የራሱን ታይፕ ነም ውስጥ ማስመዝገብ ይችላል፣ ብዙዎችም ያስመዘግባሉ። ስለዚህ ጂኤችሲ «ስትሪንግ አይደመርም» ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም፤ «አልተመዘገበም» ማለት ብቻ ነው የሚችለው። ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ብሎ የሠራው ሂሊየም የሚባል የሀስኬል ኮምፓይለር ሲወጣ ታይፕ ክላስን ሆን ብሎ የተወው ለዚህ ነው፤ መልእክቱ እንዲቀልለት።

ያም ሆኖ ጂኤችሲም ዝም አላለም። ከ9.6 እትም ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ፣ ኤረሮቹ መለያ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። የታይፕ አለመግባባት 83865፣ የኢንስታንስ መጥፋት 39999 ነው። ቁጥሩን ይዞ ማብራሪያ መፈለግ ሃያ መስመር ኮፒ ከማድረግ ይሻላል።

«ኮምፓይል ካደረገ ይሠራል»

የሀስኬል ሰዎች የሚወዷት አባባል ናት። ብዙ ጊዜም እውነት ናት፤ እኔም እላታለሁ። ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ሁለት ቁጥር ያለበትን ጥንድ፣ (3, 4)ን፣ ርዝመት ለሚቆጥረው ሌንግዝ ለሚባል ፋንክሽን ስጡት። ድሮ ሌንግዝ ሊስት ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ ይህን ብታደርጉ ኤረር ይመጣ ነበር። ከጂኤችሲ 7.10 እትም (እ.ኤ.አ. 2015) ወዲህ ግን ሌንግዝ ፎልደብል ለሆነ፣ ማለትም ይዘቱ አንድ በአንድ ሊታለፍበት ለሚችል ነገር ሁሉ ይሠራል፣ ጥንድም ፎልደብል ነው። የሚቆጠረው ሁለተኛው ብቻ ስለሆነ መልሱ 1 ነው። ቀይ መስመር የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። በስህተት ከሊስት ይልቅ ጥንድ ሰጥታችሁ ከሆነ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል፤ የተሳሳተውን ቁጥር የምታገኙት ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው።