እድር፦ በደንብና በቅጣት የሚጠበቅ ደግነት

እድር ጎረቤታሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ፣ ከመካከላቸው ሐዘን የደረሰበትን በገንዘብ፣ በዕቃና በጉልበት የሚረዱበት ማኅበር ነው። በከተማም በገጠርም አለ። የሰፈር እድር፣ የመሥሪያ ቤት እድር፣ የሴቶች እድር፣ ከአንድ አካባቢ የመጡ ተወላጆች እድር እየተባለ ይከፈላል። አንድ ቤተሰብ በሁለትና በሦስት እድር ቢገባ የሚገርመው የለም።

ከእቁብ የሚለየው ግልጽ ነው። እቁብ ላይ ዕጣ ይወጣል፣ ያዋጣኸውን ትበላለህ። እድር ላይ ግን ተራህ ባይደርስ ነው የሚሻልህ።

ሰው ሲሞት ወሬው ለእድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ይደርሳል። ቀጥሎ ጥሩምባ ነፊው ይወጣል። ጎህ ሳይቀድ መንገድ ላይ ቆሞ ይነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይለፍፋል። አሁን አሁን ብዙ እድሮች በስልክ መልእክትና በቴሌግራም ይጠራሉ። ጥሩምባው ግን ጨርሶ አልቀረም። ቴሌግራሙን የዘጋ ሰው አላየሁም ሊል ይችላል፤ ጥሩምባውን አልሰማሁም ማለት ግን ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማን ምን እንደሚሠራ የታወቀ ነው። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ይደረድራሉ። ሴቶቹ የእድሩን ድስትና ሳህን አስወጥተው ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ ቡና ያፈላሉ። ሐዘንተኛው ስለ ምግብም ስለ ዕቃም አያስብም። ቢያንስ እስከ ሠልስት ድንኳኑ ሰው አይለየውም። ማታ ማታ ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ ያየ እንግዳ ግራ ይገባው ይሆናል። ነገሩ ግን ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያመሽ ነው። ጨዋታው ሰዉን እዚያው ያቆየዋል።

እድርን ከሌላው መረዳዳት የሚለየው፣ በእኔ ግምት፣ ደግነትን ለሰው ስሜት አለመተዉ ነው። ደንብ አለው። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ የሚቆጣጠር ሰው ይመረጣል። ቀብር ላይ ወይም ድንኳን ውስጥ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል። ሳህን የሰበረም ይከፍላል። ደጋግሞ ያጠፋ ይሰረዛል። በዚህም የተነሳ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የኖረ ጎረቤት ሳይቀር ቀብር ላይ ይገኛል። ከልቡ ይሁን ለቅጣቱ ማንም አይጠይቀውም፤ የሐዘንተኛው ድንኳን ግን ይሞላል።

የሚሰጠው ገንዘብ እንደ ዝምድናው ይለያያል። አባሉ ራሱ ሲሞት፣ ባል ወይም ሚስት ሲሞት፣ ልጅ ሲሞት፣ ወላጅ ወይም ወንድም ሲሞት ደንቡ የየራሱን መጠን ይወስናል። የእድር ስብሰባ የሚጋጋለውም እዚህ ላይ ነው። አማት ይካተታል ወይ? አብራ የኖረች የቤት ሠራተኛስ? ሌላ አገር የሞተ ወንድምስ? አንድ ሙሉ እሑድ በዚህ ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

አጀማመሩን በተመለከተ ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ የላቸውም። ብዙዎቹ ግን ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ ነው ይላሉ። ከጉራጌም ከሌላም አካባቢ ወደ ከተማ የመጡ ሰዎች፣ ዘመድ በሌለበት አገር ቀባሪ እንዳያጡ የፈጠሩት ነው የሚለው አስተያየት ይበዛል። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አንዳንድ እድሮች መንገድና ትምህርት ቤት እስከማሠራት ደርሰው ነበር። የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የቀበሌ ማኅበራትን ሲያቋቁም የሰፈር ጉዳይ ወደ ቀበሌ ሄደ፤ እድርም ወደ ቀብሩ ተመለሰ።

ወሎ ውስጥ ተመሳሳዩ ተቋም ቅሬ ይባላል። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ቅሬ ከቀብር አልፎ ጠብ ያበርዳል፣ ያጠፋን ይገሥጻል፤ እምቢ ያለን ሰው ማግለል ድረስ ሥልጣን አለው። መኪና በማይገባበት ገጠር ደግሞ ቃሬዛ ገዝተው በሽተኛን በተራ ተሸክመው ወደ ሕክምና የሚያደርሱ ማኅበራት አሉ። ሞትን ከመጠበቅ በፊቱ መድረስ ነውና ብልሃቱ ደስ ይላል።

ትልቁ ፈተና በኤች አይ ቪ ጊዜ መጣ። ወጣት አባላት ተከታትለው ሲሞቱ የብዙ እድሮች ሣጥን ተራቆተ። ያኔ ከግብረ ሰናይ ድርጅቶች ጋር እየተባበሩ በሽተኛ ቤት ለቤት መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት የጀመሩ እድሮች ተነሱ። ለቀብር ብቻ የሚለው ደንባቸውን ለዚሁ ሲሉ ያሻሻሉም አሉ። በ2012 በኮቪድ ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል፣ ድንኳን መትከሉ ራሱ ለጊዜው ቆሞ ነበር።

እድር ሁሉንም አያቅፍም፤ ይህ መደበቅ የለበትም። አዲስ ገቢ፣ ነባሮቹ ለዓመታት ያከማቹትን ገንዘብና ዕቃ የሚመጥን መግቢያ ይጠየቃል። ከፍሎ መግባት ያልቻለ ድሃ፣ በየጊዜው ቤት የሚቀይር ተከራይ፣ ጎዳና ላይ የሚኖር ሰው ከውጭ ይቀራል። ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ሆነው ሳለ! አንዳንድ እድሮች ለአቅመ ደካማ መዋጮ ይተዋሉ፤ ግን በየእድሩ ልግስና እንጂ በሁሉም ዘንድ የተለመደ ደንብ አይደለም።

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሲፈርሱ የእድር አባላትም ይበተናሉ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው እዚያ አዲስ እድር ይገባል፤ የድሮውንም አይተውም። መዋጮውን በስልክ ይልካል፤ ለቀብር ሁለት ታክሲ ይይዛል። አዛውንቶች በተለይ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያዋጡበትን እድር ጥለው ከማያውቁት ሰው ጋር ከዜሮ መጀመር ይከብዳቸዋል።

ውጭ አገርም ተሻግሯል። በዋሽንግተን ዙሪያና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ኢትዮጵያውያን እድር አቋቁመዋል። እዚያ ድንኳንና ድስት ብዙም አያሳስብም። ከባዱ የቀብር ወጪው ነው፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ይላክ ከተባለ ደግሞ የበረራውና የሰነዱ ጣጣ ይጨመራል። በአንዳንዶቹ መዋጮው ወርሃዊ ሳይሆን ሞት በደረሰ ቁጥር የሚሰበሰብ ነው። ገንዘቡን ከሰጡ በኋላ እዚያ ይቀበር ወይስ አገር ቤት ይሂድ የሚለውን ለቤተሰቡ ይተዉታል።