የኋላ መብራትና የመኪና ኤሌክትሪክ፦ በደብረ ብርሃን መንገድ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው ጣርማ በር ላይ ጉም ሲጥል ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፊት ያለው ተሳቢ ባለበት ይሰወራል፤ የሚታየው ሁለት ቀይ መብራት ብቻ ነው። አንዱ ከጠፋ ከኋላ የሚመጣው ሰው ሞተር ሳይክል ሊመስለው ይችላል። እዚያው መንገዱ ላይ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥም ያው ነው። መብራቱ ሲበላሽ ግን ከየአቅጣጫው የሚሰጠን ምክር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ መብራቱን አያበራም።

«መብራቱ እምቢ ካለ አምፖሉ ተቃጥሏል»

ሊሆን ይችላል። ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያልበራውን አምፖል ነቅላችሁ በሚሠራው ጎን ሞክሩት። እዚያ ከበራ አምፖሉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሶኬቱ ወይም ሽቦው ላይ ነው። ግራና ቀኙ አንድ ላይ ከጠፉ ደግሞ መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ሁለት አምፖል በአንድ ጊዜ የሚቃጠለው ከስንት አንዴ ነው።

ብዙ መኪኖች የኋላ መብራት ላይ ያለው አምፖል ባለ ሁለት ክር ነው፤ 21/5 ዋት ተብሎ ይጻፍበታል። ባለ 5 ዋቱ ክር ለማታ መብራት፣ ባለ 21 ዋቱ ለፍሬን ነው። አንደኛው ተበጥሶ ሌላው መሥራት ይችላል። ስለዚህ ማታ ቀይ መብራት በራ ማለት ፍሬን ሲያዝም ይበራል ማለት አይደለም። የአምፖሉ ጎን ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጉጦችም ልብ በሉ፤ ከፍታቸው እኩል አይደለም። በግድ ገልብጦ ያስገባ ሰው ክሮቹን ያለ ቦታቸው ያገናኛቸዋል። ያኔ ማታ ደምቆ ይበራና ፍሬን ሲያዝ ይደክማል።

«ፍሬን ስይዝ ፍሬቻው አብሮ ጭል ጭል ካለ ኮምፒውተሩ ተነክቷል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ብዙ ብር የሚያወጣው በዚህ ነው። ፍሬን ሲያዝ ሌላው መብራት ከደበዘዘ፣ ወይም ፍሬቻ ሲሰጥ የማታው መብራት አብሮ ብልጭ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግራውንድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በአምፖሉ ያልፍና በመኪናው ቦዲ በኩል ወደ ኔጌቲቩ ይመለሳል። መመለሻው ከዛገ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በጎረቤት አምፖል ክር በኩል ይሄዳል። ለዚህ ነው ያልታዘዘው መብራት የሚበራው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። ከመብራቱ ጀርባ በብሎን ከቦዲው ጋር የታሰረ ሽቦ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። ብሎኑን ስትፈቱት ሽቦው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ተጋግሮ ልታገኙ ትችላላችሁ። የሽቦውን ጫፍም፣ ያረፈበትን ቆርቆሮም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈትጋችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ። ተጋጭቶ የተጠገነና ቀለም የተቀባ መኪና ከሆነ በተለይ ተጠራጠሩ፤ ቀለሙ ራሱ ኤሌክትሪኩን ይከለክላል። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ረጅም ሽቦ ከመብራቱ ግራውንድ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለጊዜው ዘርጉ። መብራቱ ከተስተካከለ ጥፋቱን አገኛችሁት። ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካው።

ተሳቢ የሚጎትቱ ደግሞ ግራውንዱን በማያያዣው ብረት ላይ ብቻ አይመኑ። ብረቱ ቅባትና አቧራ አለበት፤ የራሱ ሽቦ ይኑረው።

«ፊውዙ ከበጠሰ ከፍ ያለ አስገባበት»

ይሄን ምክር ስሰማ በእውነት እደነግጣለሁ። ፊውዝ የሚበጠሰው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ቀይ 10 አምፔር፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 ነው። የ10 ቦታ ላይ 30 ያስገባ፣ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት የጠቀለለበት ሰው፣ በፊውዙ መቅረት የነበረበትን ቃጠሎ ወደ ሽቦው አዛወረው። ከዚያ በኋላ የሚነደው መኪናው ነው፤ ውስጡም ሰው አለ። ደጋግሞ ከበጠሰ ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ቦዲውን እየነካ ነው። የኋላው በር ወይም የሻንጣው ክዳን ማጠፊያ ጋ ጀምሩ፤ ሽቦው በየቀኑ የሚታጠፈው እዚያ ነው።

«ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ ካለ ሪሌዩ ተበላሽቷል»

ሪሌ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጎን አንድ አምፖል ጠፍቶ ነው። መኪናው እያሳወቃችሁ ነው፤ ወርዳችሁ እዩ። ኤልኢዲ አምፖል ቀይራችሁ ከሆነም ተመሳሳይ ነገር ይመጣል፤ የሚስበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ነው።

«ባትሪዬን የጨረሰው የደብረ ብርሃን ብርድ ነው»

ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም በብርድ ጊዜ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ግን ሙቀት ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲመላለስ የተጎዳ ባትሪ ደብረ ብርሃን ሲያድር ጠዋት ይጋለጣል። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካላችሁ ሞተር ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ባትሪው ሞልቷል፣ የሚሞላው ዲናሞም እየሠራ ነው። ሞተሩ ሠርቶም 12 ላይ ከቀረ፣ ባትሪ መቀየር ብቻውን ትርፉ ድካም ነው፤ ዲናሞውንና ቀበቶውን አሳዩ።

አድሮ የሚሞት ባትሪ ሌላም ምክንያት አለው። ከፍሬን መርገጫው ሥር ያለውን ምንጣፍ እዩት። የተሰባበረ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ፍርፋሪ ካገኛችሁ፣ የፍሬን መብራቱን ስዊች የሚገፋው ትንሽ ማረፊያ ተሰብሯል። ያኔ እግራችሁ ፍሬን ላይ ሳይሆንም የኋላው መብራት ይበራል፤ ቁልፍ ነቅላችሁ ብትገቡም ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያድራል። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው።

«ፍሬን መብራቴን ብቻዬን ማየት አልችልም»

ትችላላችሁ። ሲመሽ መኪናውን ኋላውን ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ አቁሙና ፍሬን ያዙ። ግድግዳው ላይ ግራና ቀኝ ቀይ ብርሃን በመስታወት ይታያል። የማታውን መብራት አብሩና ድጋሚ ያዙ፤ ብርሃኑ ጎላ ማለት አለበት። ካልጎላ ወደ ጣርማ በር ሳትወጡ አሠሩት።