“በካሬ ስንት ነው?” እና ሌሎች የግቢ ሼድ ስህተቶች

ግቢ ያለው ሰው አንድ ቀን ጥላ ማሠራት ያምረዋል። ቡና የሚፈላበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ዝናብ ሲመጣ ልብስ የሚሰጣበት። ከላይ ክፍት ሆኖ ርብራብ ብቻ ከሆነ ፐርጎላ ይሉታል፤ ቆርቆሮ ከለበሰ ሼድ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት አሠርቻለሁ። ሁለተኛውን ያሠራሁት የመጀመሪያውን አፍርሼ ነው። እንግዲህ ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን በራሴ ገንዘብ ነው የተማርኳቸው።

“የካሬውን ዋጋ ካወቅኩ ሒሳቡ አለቀ”

አላለቀም። ትንሽም ሆነ ትልቅ ሼድ ጉድጓድ ይቆፈርለታል፣ የብየዳ ማሽን ይመጣለታል፣ ለብረት ማመላለሻ መኪና ይከፈልለታል። ስለዚህ ትንሹ በካሬ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

ከካሬው ይልቅ 6 ሜትርን አስቡ። ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነው ባለአራት ማዕዘን ብረት፣ የሚሸጠው በ6 ሜትር ዘንግ ነው። ቋሚው 3 ሜትር ከሆነ ግማሽ ሜትሩ መሬት ገብቶ 2 ሜትር ተኩል ከላይ ይቀራል፤ ከአንድ ዘንግም ሁለት ቋሚ ይወጣል። ለስድስት ቋሚ ሦስት ዘንግ በቃ። እኔ ግን “ትንሽ ከፍ ይበልልኝ” ብዬ 3.20 አስደረግኩት። ስድስት ዘንግ ገዛሁ! ከእያንዳንዱ የተረፈው 2.80 ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታው ከርሞ መጨረሻ ላይ ቁራሌው ወሰደው።

“ብረት ያው ብረት ነው”

ለአንድ ዓይነት ሥራ ሁለት በያጅ ጠይቃችሁ የአንዱ ዋጋ በጣም ከቀነሰ፣ መጀመሪያ የብረቱን ውፍረት ጠይቁ። ጎኑ 40 በ40 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ የብረቱ ውፍረት 1.5 ሚሊሜትርም 1.2ም ሊሆን ይችላል። ቀለም ከተቀባ በኋላ በዓይን አይለይም። ሚዛን ግን ይለየዋል፦ ባለ 1.5ቱ የ6 ሜትር ዘንግ 11 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ባለ 1.2ው 9 ኪሎም አይሞላ። ሱቁ በር ላይ “እስቲ ይመዘንልኝ” ማለት ነውር የለውም። ሻጩ ቢኮሳተር ይኮሳተር።

ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ውፍረቱ በጌጅ ነው የሚነገረው፣ ቁጥሩም የተገላቢጦሽ ነው። “35 ጌጅ ነው፣ ትልቁ” ተብሎ የተሸጠለት ሰው አውቃለሁ። ጌጅ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 35 የዚያን ግማሽ ያህል ነው። የአዲስ አበባ በረዶ ሲወርድበት ልዩነቱን በጆሮም ትሰሙታላችሁ።

“ቀላል ነገር ስለሆነ መሠረት አይፈልግም”

ቀላል ስለሆነ ነው የሚፈልገው። የሼድ አደጋው በክብደቱ መስመጡ አይደለም፤ ንፋስ ከሥር ገብቶ ማንሳቱ ነው። 40 በ40 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ የኮንክሪት መሠረት 230 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አራት ሲሆን ከዘጠኝ ኩንታል ትንሽ ያልፋል፤ ያንን ንፋስ በዋዛ አይነቅለውም። ለአራቱም የሚያስፈልገው ሲሚንቶ ሁለት ከረጢት ተኩል አካባቢ ነው። ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ኢምንት ነው፤ የሚገርመው ግን መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱ ነው።

“በአጠና ከሆነ በነፃ ማለት ነው”

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዎ። መሬት የነካው ጫፍ ግን የምስጥና የእርጥበት ሲሳይ ነው። አጠናውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ኮንክሪት ላይ በብረት ማሰር ዕድሜውን ያረዝመዋል። ያኔ ግን “በነፃ” የሚለው ቃል ይቀራል።

“ባለፈው ዘመዴ ያሠራበት ዋጋ ይሠራል”

ዘመዳችሁ ያሠራው ከሐምሌ 2016 በፊት ከሆነ እርሱት። ያኔ ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የቱቦላሬና የቆርቆሮ ጥሬ ዕቃው ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ዋጋ ስትቀበሉ ስንት ቀን እንደሚጸና ጠይቁ። 15 በመቶው ቫት ውስጡ እንዳለም እንዲሁ።

ፈቃዱንም ቀድማችሁ ከወረዳ አጣሩ። ሲፈርስ የሚወጣው ወጪ በካሬ አይሰላም።

“ጣሪያው ካለቀ ሥራው አለቀ”

አሸንዳ የሌለው ሼድ አሠርቼ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ክረምት የግቢውን አፈር ጠርጎ በረንዳችን ላይ አመጣልን። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛውም ክረምት ላይ። 20 ካሬ ጣሪያ ካላችሁ 24,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው።

በሁለተኛው ሼድ አሸንዳውን ከሮቶ ጋር አገናኘሁት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህቺ ትንሽ ጭማሪ ወጪ ናት ያስደሰተችኝ። አንድ ከባድ የነሐሴ ዝናብ፣ 40 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 800 ሊትር ያወርዳል። ልብስ ማጠቢያ፣ አበባ ማጠጫ። ባለቤቴ አሁን ሰማይ ሲጠቁር ልብስ ከማስገባት በፊት የሮቶውን ክዳን ነው የምታየው።