ገና በማግስቱ አያልቅም፦ ስለ ካቶሊካዊው የልደት ሰሞን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ሥርዓት፣ የሚጸልይ ካቶሊክ በልደት ሰሞን በየዕለቱ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል፤ የዕለቱ ምንባብና የዕለቱ ቅዱስ። ስለዚህ ሰሞን ከሚሰሙት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ሁለቱን ከመነጣጠል ነው። አንዳንዶቹን የሚናገሩት ደግሞ ራሳቸው ካቶሊኮች ናቸው።

«ገና ዲሴምበር 25 ቀን ያበቃል»

ገበያው እንዲህ ያምናል፤ በማግስቱ ዛፉም ዘፈኑም ይነሣል። በቤተ ክርስቲያን ግን ዲሴምበር 25 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት አራት የስብከተ ገና እሑዶች የዝግጅት ጊዜ ናቸው። የልደት ወቅት የሚገባው ዲሴምበር 24 ማታ በሚደርሰው የዋዜማ ጸሎት ነው፤ የሚወጣው ደግሞ በጌታ ጥምቀት በዓል፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ 6 በኋላ ባለው እሑድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት እንደ አንድ ታላቅ በዓል ስለሚቆጠሩ በየቀኑ ቅዳሴ መላእክት ለእረኞች ያሰሙት «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት» ይደገማል።

«በሰሞኑ የሚታሰቡት ቅዱሳን ከልደቱ ጋር አይገናኙም»

ይህን የሚል ሰው የቀን መቁጠሪያውን እንጂ ምንባቡን አላየም። ዲሴምበር 26 የቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ነው። ትናንት ነጭ ለብሶ የቀደሰው ካህን ዛሬ የደም ምልክት የሆነውን ቀይ ለብሶ ይወጣል፤ ወንጌሉም ስለ እረኞች አያወራም። ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ነው፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ሸንጎ አሳልፈው እንደሚሰጧቸውና ወንድም ወንድሙን ለሞት እንደሚሰጥ ያስጠነቅቃቸዋል። የበዓሉ ሥጋ ከማለቁ በፊት እንዲህ ያለ ቃል መስማት ያስደነግጣል።

በ27 ወንጌላዊው ዮሐንስ ይታሰባል፤ ልብሱ ወደ ነጭ ይመለሳል፣ ወንጌሉ ግን ወደ ባዶው መቃብር ይወስደናል። በ28 ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተልሔም ሕፃናት ናቸው፤ እንደገና ቀይ፣ ከወንጌሉም ውስጥ ስለ ልጆቿ እያለቀሰች መጽናናትን እንቢ ያለችው ራሔል። በ29 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ይዘከራል። ይህን ቀን ማንም መርጦ አልሰጠውም፤ እ.ኤ.አ. በ1170 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ አራት ባላባቶች በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ የገደሉት በዚሁ ዕለት ነው። ዕለቱ እሑድ ካልሆነ በስተቀር የሚነበበው ወንጌል ደግሞ አረጋዊው ስምዖን ሕፃኑን ታቅፎ ለእናቱ «በነፍስሽ ሰይፍ ያልፋል» ያለበት ክፍል ነው። ቶማስና ስምዖን በአንድ ቀን የተገናኙት በአጋጣሚ ይሁን እንጂ፣ ሁለቱን አብሮ ለሚያነብ ሰው የዚያን ቀን ስብከት ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

እንግዲህ ገናን የሕፃናት ተረት ያደረጉት ጌጠኞቹ ካርዶች እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት አይደለም።

«ካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ አያነብም»

ትችቱ ጨርሶ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ቅዳሴ የማያጓድል፣ ቤቱ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ግን አቧራ ያለበሰ ምእመን ሞልቷል። በቅዳሴው ላይ የሚነበበው ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። ለልደት ብቻ አራት የተለያዩ ቅዳሴዎች ከነምንባባቸው ተዘጋጅተዋል፦ በዋዜማው የማቴዎስ የትውልድ ሐረግ፣ በሌሊቱ ሉቃስ 2፣ ንጋት ላይ የእረኞቹ ጉዞ፣ በቀኑ ደግሞ «በመጀመሪያ ቃል ነበረ»። ከ27 ጀምሮ የዮሐንስ 1ኛ መልእክት ከእሑዶችና ከታላላቆቹ በዓላት በቀር በየዕለቱ በቅደም ተከተል ይነበባል። ስለ ፍቅር ብዙ በሚወራበት ሳምንት፣ በብርሃን ነኝ እያለ ወንድሙን የሚጠላ ሰው ገና በጨለማ እንዳለ ፊት ለፊት የሚናገር መልእክት ነው። የሰሞኑ የአዘቦት ምንባቦች ከዓመት ዓመት ስለማይለዋወጡ፣ አንድ ሰው በየገናው ቢከታተላቸው መልእክቱን በቃሉ ሊይዘው ምንም አይቀረው።

«ቅዱሳንን ያመልካሉ»

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ787 አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሚገባ፣ ለቅዱሳንና ለሥዕሎቻቸው የሚሰጠው አክብሮት ከዚያ የተለየ መሆኑን ደንግጓል። የሚጠራጠር ሰው የእስጢፋኖስን ዕለት የቅዳሴ መክፈቻ ጸሎት ይመልከት። ጸሎቱ የሚቀርበው ለእግዚአብሔር ነው፤ የሚለምነውም ለገዳዮቹ እንደጸለየው እንደ እስጢፋኖስ ጠላትን መውደድ እንድንችል ነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ሰው ምስል ፊት ሲቆም ይህን ልዩነት ልብ ላይለው ይችላል፤ ያ ግን የትምህርት ጉድለት እንጂ የእምነቱ አንቀጽ አይደለም።

«የሰዓታት ጸሎት የካህናትና የመነኮሳት ነው»

የሰዓታት ጸሎት በቀኑ የተወሰኑ ሰዓታት የሚደርስ ጸሎት ነው፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ ምእመናንም እንዲጸልዩት አበረታቷል። በዚህ ጸሎት ጠዋት የዘካርያስ፣ ማታ የእመቤታችን፣ ከመኝታ በፊት የስምዖን መዝሙር ይደርሳል። ሦስቱም የተወሰዱት ከሉቃስ ወንጌል የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች ነው፤ ስለዚህ የሰዓታት ጸሎት የሚያደርስ ሰው በሐምሌም ቢሆን ከገና ታሪክ አይወጣም። ሦስቱ ጸሎቶች በግእዙ ዳዊት መጨረሻ ላይ ስለሚገኙ፣ አያቶቻችን ዳዊት ሲደግሙ ለሰማ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆኑበትም። አምስቱ የደስታ ምሥጢራት የሚባሉት የመቁጠሪያ ጸሎት ክፍሎችም ከእነዚሁ ሁለት ምዕራፎች የተቀዱ ናቸው።

«ሰብአ ሰገል ሦስት ነገሥታት ነበሩ»

ማቴዎስ ቁጥራቸውን አልጻፈም፤ ሦስት የሆነው ስጦታው ነው። ነገሥታትም አላላቸውም፤ ዘውዱን ያገኙት ከመዝሙር 72 እና ከኢሳይያስ 60 ነው። ሕፃኑንም ያገኙት በቤት ውስጥ ነው። በሬውና አህያው እንኳ በልደቱ ታሪክ ውስጥ አልተጠቀሱም፤ ምንጫቸው ኢሳይያስ 1፥3 ነው። ቅዱስ ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ1223 በጣሊያኗ ግሬቾ መንደር ግርግም አዘጋጅቶ ሌሊቱን ሲያስቀድስ ሁለቱን እንስሳት በሕይወታቸው አቁሟቸው ነበር።

«ካቶሊክ ስለሆኑ ገናን በዲሴምበር 25 ያከብራሉ»

ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ካቶሊኮች ልደትን የሚያከብሩት ከአገሩ ሕዝብ ጋር ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ነው። ግራ የሚጋባው በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በላቲን ቁምስና (አጥቢያ) የሚያስቀድሰው ኢትዮጵያዊ ነው። የሰብአ ሰገል መምጣት የሚታሰብበት የጌታ መገለጥ በዓል ጃንዋሪ 6 በሚከበርበት አገር በማግስቱ የሚነበበው ወንጌል፣ እሑድ ካልሆነ፣ ማቴዎስ 4 ነው። ጌታ አድጎ በገሊላ ንስሐ ግቡ እያለ ይሰብካል። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦቹ ስልክ ደውለው «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ» ይሉታል።